ተጨማሪ መረጃ፦ ከውርጌሳ ዳገት ላይ ኤሲው ለምን ይጠፋል?
ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ውጫሌን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ደጋው ያበቃና የውርጌሳ ሙቀት ይጀምራል። ኤሲ የሚከፈተው እዚህ ነው። ፈተናው ግን መልሱ ላይ ነው፤ ጭነት የበዛበት መኪና በከባድ ማርሽ ወደ ውጫሌ ሲያዘግም ኮንደንሰሩ በቂ ነፋስ አያገኝም፣ የጋዙም ግፊት ይንራል።

ያኔ ኮምፕሬሰሩን የሚያድነው አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፦ ፕሬዠር ስዊች። አር-134ኤ በተባለው ጋዝ በሚሠሩ ብዙ መኪኖች ግፊቱ 30 ባር ገደማ ሲደርስ ወይም ከ2 ባር አካባቢ ሲወርድ ወደ ኮምፕሬሰሩ ክላች የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ታቋርጣለች። ዝቅተኛው ገደብ የተቀመጠው በምክንያት ነው፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ጋዝ ከሌለ ማለስለሻም የለም። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ፣ አንዳንዱ እንደ ብልሃት ቢቆጥረውም፣ ኮምፕሬሰር ያስገዛል።

ደግሞም ብዙ ጊዜ ስዊቹ ደህና ነው፤ የጎደለው ጋዝ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ፣ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ጌጁ 6.7 ባር ገደማ ያሳያል። ከዚያ በእጅጉ ካነሰ አስቀድሞ የሚፈለገው ጋዙ የሚያፈስበት ቦታ ነው። ስዊቹ ራሱ ከተበላሸ በአንዳንድ መኪኖች ከሥሩ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ስላለ ጋዙ ሳይወጣ ይቀየራል፤ ቫልቭ በሌላቸው ግን ጋዙ በመሣሪያ ተስቦ ይጠራቀማል እንጂ ወደ አየር አይለቀቅም። አር-134ኤ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። አዲሱ ስዊች ከመታሰሩ በፊት ጎሚኒው ተቀይሮ በኮምፕሬሰር ዘይት ይቀባል።