የኦፕሬተሩ ማሳያ ቤት ሲለቅ

ንፋስ ስልክ የሚለው የሰፈር ስም ያለ ገመድ፣ በነፋስ የሚሄድን መልእክት ያስታውሳል። ዛሬም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኙት ፋብሪካዎች ውስጥ መልእክት ሳያቋርጥ ይጓዛል። የቦይለሩ ግፊት፣ የታንከሩ የውኃ ከፍታና የሞተሩ ፍጥነት ከየመሣሪያው ተነሥተው በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የተቀመጠው ኦፕሬተር ዓይን ፊት ይደርሳሉ። ኦፕሬተሩ የሚመለከተው የኮምፒዩተር ሥዕል የኦፕሬተር ማሳያ ይባላል።

ከእነዚህ ፋብሪካዎች አንዱን በጎበኘንበት ዕለት ማሳያው ከአሮጌ ኮምፒዩተር ወደ አዲስ በመዛወር ላይ ነበር። አሮጌው የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥርዓት የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋረጠው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። ቦይለር በሚገባ ከተያዘ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል፤ ኮምፒዩተር ግን ይህን ያህል አይቆይም። መለዋወጫ ከመርካቶ እየፈለጉ ማስታመም ለጊዜው ያዋጣ ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ግን ማሳያው ቤት መልቀቁ አይቀርም።

ለመሆኑ ሥዕሉን ገልብጦ መውሰድ ለምን አይበቃም? ለዚህ የራሳችን ፊደል ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በአንድ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ፋይሉ አልተበላሸም፤ አብሮት ያልተጓዘው የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚወስነው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል በማካተቱ የጋራ ስምምነት ተገኘ። በፋብሪካው ዓለም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኦ.ፒ.ሲ የተባለው መስፈርት የመረጃውን ጉዞ በእጅጉ አቃልሎታል። ሥዕሉንና ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን ትእዛዝ ግን አምራቾች በአብዛኛው በየራሳቸው ቋንቋ ይጽፉታል።

በማሳያው ላይ ያለ እያንዳንዱ ምልክት ታግ በሚባል መለያ ስም ከአንድ መረጃ ጋር ይተሳሰራል። በዝውውር ጊዜ ሥዕሉ ሳይዛነፍ ደርሶ ትስስሩ ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ «ቫልቩ ተዘግቷል» የሚለው ምልክት «ቫልቩ እንዲዘጋ ታዟል» ከሚለው መረጃ ጋር ቢያያዝ በማየት ብቻ ማንም አያውቀውም። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 በአሜሪካ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የነበረው መብራት ግን ስለጠፋ ኦፕሬተሮቹ ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ የሚገልጸው ለቫልቩ የሚላከውን የኤሌክትሪክ ምልክት እንጂ የቫልቩን አቋም አልነበረም። የማቀዝቀዣው ውኃ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲያመልጥ ቆይቶ የሬአክተሩ እምብርት በከፊል ቀለጠ። እዚያ የተቀየረ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ እኛ ጉዳዩን ያነሣነው አንድ የተሳሳተ ትስስር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

ቀለምም እንዲሁ ነው። በአንዳንድ የኤሌክትሪክ ኃይል መቆጣጠሪያ ክፍሎች ቀይ ማለት መስመሩ ኃይል ተሸክሟል ማለት ሲሆን፣ በብዙ ፋብሪካዎች ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ሞተር አረንጓዴ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሞተ ቁጥር ነው። በጎበኘነው ፋብሪካ አሮጌውና አዲሱ ማሳያ ጎን ለጎን ሆነው ይሠሩ ነበር። ሁለቱም የቦይለሩን ግፊት 6.2 ባር ያሳያሉ። እኛም እንደ ተማሪ «ያው ነው፤ አልቋል» ብለን ነበር። ለብዙ ዓመታት በዚያ ወንበር ላይ የሠሩት አንጋፋ ኦፕሬተር ግን አልተስማሙም፤ ቴክኒሻኑን «እስቲ መስመሩን ንቀለው» አሉት። ቴክኒሻኑ ከመቆጣጠሪያ መሣሪያው ወደ ሁለቱም ኮምፒዩተሮች የሚሄደውን የመረጃ ገመድ ነቀለ። በአሮጌው ማሳያ ላይ ቁጥሩ ወዲያው ጠፍቶ በቦታው አራት ኮከቦች ታዩ። አዲሱ ግን በሚያምረው ባለ ጥላ ሥዕሉ መካከል 6.2 እንዳለ ቀረ። ቦይለሩ ቢቀዘቅዝም ሆነ ግፊቱ ከልክ ቢያልፍ 6.2 ነበር የሚለው።

አዲሱን ማሳያ የሠራው መሐንዲስ ሶፍትዌሩ የመረጃውን ጥራት የሚገልጽ ምልክት እንደሚቀበል፣ ሥዕሉ ግን እንዲያነበው እንዳልታዘዘ ደረሰበት። ማስተካከያው ለአንድ ቁጥር ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ በማሳያዎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ስንወጣ ኦፕሬተሩ መነጽራቸውን አድርገው፣ ዝርዝሩን በእጃቸው ይዘው፣ ገመዱ እንደተነቀለ አንድ በአንድ ያስቆጥሩት ነበር።