የአለቃዎ ጾታና የእርስዎ ጤና

ዘግይቶ የገባን ሠራተኛ የገሠጸ ወንድ ኃላፊ «ቆፍጣና» ሲባል፣ ያንኑ ያደረገች ሴት ግን «ነገረኛ» ትባላለች። በሌላ በኩል ወንድ አለቃ ሲሳደብ «ጠባዩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ልማዶች ጤናን ይጎዳሉ።

አሊስ ኢግሊና ብሌየር ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1990 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሴት ኃላፊዎች ሠራተኛን በማሳተፍ በመጠኑ የተሻሉ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ሆኖም እያንዳንዱ አለቃ የሚለካው በሥራው ነው።

ሰውነታችን የአለቃን ጾታ አይለይም። ስድብ፣ የተምታታ ትእዛዝና ፋታ የማይሰጥ ሥራ ሲደራረቡ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይታወካል።

ስለዚህ በአለቃዎ ሲከፉ «ይህን ያደረገው ሌላ ጾታ ያለው ሰው ቢሆን ምን እል ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ስሜትዎ የሚለወጥ ከሆነ አመለካከትዎን ይፈትሹ። የማይለወጥ ከሆነ ግን በደሉን ችለው አይቀመጡ። የሆነውን ከነቀኑ ይጻፉ፤ በአክብሮት ያነጋግሩ፤ መፍትሔ ካጡ ለሰው ሀብት ክፍል ያመልክቱ።

ራስ ምታቱ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ «የአለቃዬ ጣጣ ነው» ብለው አይተዉት። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው የደም ግፊትዎን ይለኩ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሐኪም ክትትል ያስፈልግዎታል። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን በአስቸኳይ ይታከሙ።