መከላከያ ሳይሰማ በነጻ ስለ ተሰናበተ ተከሳሽ
ጁሪ በሚፈርድባቸው አገሮች ጁሪው ሳይፈርድ ቢሰናበት፥ ተከሳሹ እንደገና ይዳኛልን? በአሜሪካ የፔሬዝ ጉዳይ፥ በ1824 እ.ኤ.አ.፥ ግልጽ አስገዳጅ ምክንያት ካለ አዎን ተብሏል። በእኛ አገር ፈራጁ ዳኛው ስለሆነ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 141፥ የከሳሽ ማስረጃ ካልበቃ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ በነጻ እንዲለቀቅ ያዛል፤ ቁጥር 185 ግን ለዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ይፈቅዳል። እንግዲህ በሰቆጣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተለቆ ዝቋላ የገባን ገበሬ፥ ክሱ ከባሕር ዳር ሊጠራው ይችላል። ይህ ሁለተኛ ክስ ነውን? አይደለም እንላለን፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 23 የከለከለው ከመጨረሻ ውሳኔ በኋላ የሚመጣውን ነውና። ገበሬው የሚያርፈው፥ በቁጥር 187 የተወሰነው የ15 ቀን የይግባኝ ማስታወቂያ ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ሲያልፍ ነው።