ስለ ገላ ምልክትና ስለ ብርሃን ሕክምና

በሰው ገላ ላይ የሚታይ ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከልደት ጀምሮ ያለውን ጥቁር ነጥብ ሕዝቡ «ማርያም የሳመችው» ብሎ በመልካም ስም ይጠራዋል፤ በፊት ላይ የሚወጣውን ማድያት ግን ይጠላዋል፤ ለምጽንም ይፈራዋል። አሰላና የአርሲ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው፥ አየሩ ቢቀዘቅዝም የፀሐዩ ጨረር ብርቱ ነው፤ ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራልና። ስለዚህ በእርሻና በገበያ የሚውል ሰው ፊቱ ቢጠቁር አያስደንቅም።

እንዲህ ያለውን ምልክት በብርሃን የሚያጠፋው መሣሪያ ሌዘር ይባላል። እርሱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 በመጀመሪያ የሠራው አሜሪካዊው ቴዎዶር ሜይማን ነው። በ1983 ደግሞ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሐኪሞች፥ የተመረጠ ብርሃን ለቅጽበት ብቻ ቢላክ የቆዳውን ቀለም አሙቆ እንደሚሰባብር፥ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ግን እንደማይጎዳ አስረዱ። የተሰባበረውንም ሰውነት ራሱ ጠርጎ ያስወግደዋል።

ነገር ግን መሣሪያው የምልክቱን ጥቁረት ከደህናው ቆዳ ጥቁረት ለይቶ አያውቅም። የኢትዮጵያውያን ቆዳ በተፈጥሮው ባለ ብዙ ቀለም ስለሆነ፥ ብርሃኑ ያለ ልክ ቢላክበት ይቃጠላል፤ ጠባሳ ወይም ከቀድሞው የባሰ ጥቁረት፥ አለዚያም ንጣት ይቀርበታል። ማድያትም ከጠፋ በኋላ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ አደጋ አለ። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፥ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ዘፋኙ ቦብ ማርሊ በ1977 ይህ በሽታ በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ በ1978 ከአርሲ ደጋ ብዙ የማትርቀውን ሻሸመኔን ጎበኘ፤ በ1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። እንዲህ ያለውን ምልክት ሳይመረምሩ በብርሃን ቢያደበዝዙት፥ ቀለሙ ይጠፋል እንጂ ሥሩ አይነቀልም፤ ሐኪሙም በሽታውን የሚያውቅበት ምልክት ይሰወርበታል። እንደዚሁም የነጣና ሲነኩት የማይሰማው ቦታ የሥጋ ደዌ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በጊዜው ከታወቀ ያለ ዋጋ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል፤ ቢዘገይ ግን እጅና እግርን ያሰናክላል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የገላውን ምልክት አይቶ፥ የተጠራጠረውን 7 ቀን ለይቶ አቆይቶ ዳግመኛ እንዲያየው ታዝዞአል። የዛሬም ሕክምና ሥርዓት ከዚህ አይርቅም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ያያል፤ ሲጠራጠርም ከቆዳው ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል።

እንግዲህ የሹማምንት ፈንታ፥ ሌዘር የሚይዘው እጅ የተማረና ፈቃድ ያለው መሆኑን መቈጣጠር ነው። የካህናትም ፈንታ፥ ምልክቱ ያደገበት፥ መልኩ የተለወጠበት፥ የቈሰለበት ወይም የደነዘዘበት ሰው ደጃቸው ሲመጣ፥ ጠበሉን ሳይከለክሉ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው የአሰላ ሆስፒታል ወይም አዲስ አበባ ወዳለው አለርት ሆስፒታል ሄዶ እንዲመረመር መምከር ነው። መልክን ማሳመር የተፈቀደ ነው፤ ነፍስን ማዳን ግን ይቀድማል።