አንድ ዳቦ፣ ብዙ ስም

 

«እንግሊዝኛ በገዛ አገሩ አንድ ዓይነት ነው የሚነገረው?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አይደለም። ትንሿን ክብ ዳቦ እንውሰድ። በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር ብዙ ሰው «ባርም» ይላታል። በኖቲንግሃም «ኮብ»፣ በኮቨንትሪ ደግሞ «ባች» ትባላለች። ዳቦዋ ግን ያችው ዳቦ ናት።

አነጋገሩም ይለያያል። ብርጭቆ በእንግሊዝኛ «ግላስ» ነው። የለንደን ሰው «ግላአስ» ብሎ ድምፁን ይስባል። የሊድስ ሰው «ግላስ» ብሎ ያሳጥራል። ሲጻፍ ግን የሁለቱም ፊደል አንድ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው የማን ነው? የሁለቱም ነው! በአንድ ወቅት በትምህርት ቤት በመንደር አነጋገር ይሳቅ ነበር። የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1961 በ313 ቦታዎች ዞሩ። ሽማግሌዎችን «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» እያሉ ጠየቁ። ቃሉን አስቀድመው አይነግሩም። የሰሙትን እንደተነገረ ጻፉት። የገጠሩ ቃል ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይጠፋ ነው።

በእኛስ አገር? የጎጃሙ፣ የጎንደሩ፣ የወሎው፣ የሸዋው አማርኛ መች አንድ ሆነና! እንግዲህ ጎረቤታችሁ ሲያነብ አነጋገሩ ቢለይባችሁ አትሳቁበት። የተሳቀበት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ያፍራል። ያፈረ ሰው ደግሞ ደብተሩን አጥፎ ይቀራል። ፊደሉን ካወቀ አንባቢ ነው፤ አነጋገሩ የአገሩ ነው።

ደኅና ሁኑ።