ያውቁ ኖሯል? ከሂራ ዋሻ እስከ ነጃሺ ግቢ
(ዓመቶቹን፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልን።)

የሙስሊሞች የዘመን አቆጣጠር የሚነሣው ከነቢዩ ሙሐመድ ልደት አይደለም። የመጀመሪያው የቁርኣን ቃል በሂራ ዋሻ ከወረደበት ከ610ም አይደለም። መነሻው ስደት ነው፤ ነቢዩ በ622 ከመካ ወደ መዲና የሄዱበት ሂጅራ። ይህን የወሰኑት ደግሞ ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ናቸው፣ ያውም ከስደቱ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ።

የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይገባል፤ በ33 ዓመት ገደማ ዙሩን ጨርሶ ይመለሳል። ዕድሜ የሰጠው ሰው በሐምሌ ዝናብም በየካቲት ፀሐይም ይጾማል ማለት ነው። ቀኑም የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የረመዳን የመጀመሪያው ተራዊህ (የሌሊት ሶላት) ከመጀመሪያው ጾም በፊት፣ በዋዜማው ምሽት የሚሰገደው ለዚህ ነው።

ከሶላት በፊት የሚታጠብበት ውሃ ያጣ ሰው ሶላት አይቀርለትም። በንጹሕ አፈር ፊቱንና እጁን አብሶ (ተየሙም አድርጎ) ይሰግዳል።

የመዲና ሙስሊሞች በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። ቂብላው፣ ማለትም የስግደቱ አቅጣጫ፣ በመካ ወዳለው ካዕባ የዞረው ከሂጅራው 16 ወይም 17 ወር በኋላ ነው።

ቁርኣን 114 ምዕራፎች አሉት። ከ9ኛው በቀር ሁሉም በቢስሚላህ ይጀምራሉ፤ በ27ኛው ምዕራፍ ውስጥ ግን ቢስሚላህ ሁለት ጊዜ ስለሚገኝ ቁጥሩ መልሶ 114 ይሞላል። በስሙ ከሁሉም በላይ የሚጠራው ነቢይ ማን ይመስልዎታል? ሙሳ ናቸው፤ ከ130 ጊዜ በላይ። ሙሐመድ የሚለው ስም የሚገኘው አራት ጊዜ ብቻ ነው። በስሟ የተጠራች ሴት ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም መርየም ናት፣ የዒሳ እናት። 19ኛው ምዕራፍ በስሟ ይጠራል።

ይኸው ምዕራፍ በሐበሻ ቤተ መንግሥት ተነብቧል። በ615 ግድም የመካ መከራ ሲጠና ነቢዩ ተከታዮቻቸውን ማንም ወደማይበደልበት አገር፣ ወደ ሐበሻ ሂዱ አሏቸው። ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ልጃቸው ሩቀያና ባሏ ዑስማን ነበሩ፤ ዑስማን ኋላ ሦስተኛው ኸሊፋ የሆኑት ናቸው። የመካ ገዢ ጎሣ የነበሩት ቁረይሾችም ዝም አላሉም። በሐበሻ የሚወደደውን የለፋ ቆዳ ለእጅ መንሻ አሸክመው ሁለት መልእክተኞች ላኩ፦ ስደተኞቹን መልስልን ለማለት። የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ሁለቱንም ወገን አስቀርቦ ሰማ። የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ከመርየም ምዕራፍ ሲያነብ ንጉሡም ጳጳሳቱም እንዳለቀሱ የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ፍርዱ አጭር ነበር፦ እጅ መንሻው ተመለሰ፣ ስደተኞቹ ተቀመጡ። የመጨረሻዎቹ እስከ 628 ድረስ በሐበሻ ኖረዋል።

ከሁለቱ መልእክተኞች አንዱ ዓምር ኢብኑል ዓስ ይባላል። ኋላ እሱ ራሱ ሰለመ፤ ግብፅን ለእስልምና የያዘው የጦር መሪም እሱ ነው።

ነቢዩ ከባለቤታቸው ከእሙ ሐቢባ ጋር ኒካሕ (ጋብቻ) ያሰሩት እሷ በሐበሻ ስደት ላይ ሳለች በውክልና ነው። መህሩን (ጥሎሹን)፣ 400 ዲናር፣ የከፈለው ነጃሺ ነው። የሙሽራይቱ አባት አቡ ሱፍያን ደግሞ በዚያ ሰዓት የነቢዩ ባላንጣ የነበረው የመካ አለቃ ነበር!

ነጃሺ ሲሞት ነቢዩ በመዲና ሰዎቻቸውን አሰልፈው በሩቁ ሰገዱለት። ዛሬ አስከሬኑ በሌለበት ስለሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ ዑለማዎች ሲከራከሩ መነሻቸው ይህ የሐበሻ ንጉሥ ነው።

ቢላልን፣ የመጀመሪያውን ሙአዚን (ለሶላት ጠሪ)፣ የማያውቅ የለም። እሙ አይመንን የሚያነሣት ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ደግሞ ትክክል አይመስለንም። ስሟ በረካ ነው፤ ሐበሻ ናት። የነቢዩ እናት በመንገድ ላይ ስትሞት የስድስት ዓመቱን ልጅ ይዛ መካ የገባችው እሷ ናት። ልጇ ኡሳማ ገና ወጣት ሳለ ትልልቅ ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ያሉበትን ጦር እንዲመራ በነቢዩ ተሹሟል።

በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲናው መስጊድ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነቢዩ ባለቤታቸውን ዓኢሻን ከኋላቸው አቁመው እስኪበቃት አሳይተዋታል። ታሪኩ በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ዘካ እጅ እንዳመጣ የሚሰጥ ምጽዋት አይደለም፤ ሒሳብ አለው። የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚያክል ገንዘብ ዓመት ሙሉ በእጁ የቆየ ሰው ከመቶ 2.5 ያወጣል። ተቀባዮቹን ቁርኣን በስምንት መድቧቸዋል፤ ባለ ዕዳና መንገድ ላይ ገንዘብ ያለቀበት ሰው ሳይቀሩ ድርሻ አላቸው።

በመካ በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ የሚመላለሱት ሐጃጆች የሚከተሉት ለልጇ ለኢስማዒል ውሃ ፍለጋ የሮጠችውን የሐጀርን ዱካ ነው። የካዕባ ቁልፍ ደግሞ ከ630 ጀምሮ የሸይባ ቤተሰብ አደራ ነው።

ከዓለም ሙስሊሞች አብዛኞቹ አረብ አይደሉም። የኢንዶኔዥያ፣ የፓኪስታን፣ የህንድና የባንግላዴሽ ሙስሊሞች ብቻ ሲደመሩ ከአረቦች ሁሉ ይበልጣሉ።

የሐረር ጀጎል 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች (የቅዱሳን መዘከሪያ ስፍራዎች) አሏት፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ዘመን የቆዩ ናቸው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ2006 ነው።

የወሎ ሼሆች ደግሞ አማርኛ መንዙማ (መንፈሳዊ ግጥም) በዓረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ አጻጻፉ አጀም ይባላል።

እና የመጨረሻው፦ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በኢትዮጵያ የሕዝብ በዓል ሆነው መከበር የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ በደርግ ዘመን ነው።