ያውቁ ኖሯል? ለገጣፎ ለገዳዲን በጌም መምረጥ የማይቻለው ለምንድን ነው?

የእግር ኳስ ክለቡ ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወረደ። በፕሌይስቴሽን ግን ያኔም አልነበረም፤ ሊጋችን ፊፋ ጌም ውስጥ አልነበረማ!

የክለብ ስም፣ አርማና ማሊያ ንብረት ነው፤ ጌም ሠሪው ከክለቡ ወይም ከሊጉ ፈቃድ ይገዛል። የተጫዋቾች ስምና መልክ ለብቻው ነው፤ ባብዛኛው ውሉ የሚፈረመው ከተጫዋቾች ማኅበሩ ፊፍፕሮ ጋር ነው። ስለዚህ ጁቬንቱስ በ2019 እ.ኤ.አ. መብቱን ለሌላ ጌም ሠሪ ለኮናሚ ብቻ ሲሰጥ፣ በፊፋ 20 ክለቡ «ፒየሞንቴ ካልቾ» ተባለ። ሮናልዶ ያው ሮናልዶ ነበር፤ የለበሰው ማሊያ ግን የጁቬንቱስ አልነበረም።

በ2023 እ.ኤ.አ. ፊፋና የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ ሲለያዩ ደግሞ ጌሙ ስሙን ወደ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ቀየረ። የታላላቆቹ ሊጎች ፈቃድ በተለየ ውል የተገዛ ስለነበር እዚያው ጌም ውስጥ ቀረ።